ኑት ሮክኒ፤ ኳስን የዩኒቨርሲቲ ካዝና ያደረገው ኖርዌያዊ

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በአሜሪካ ከ80 እስከ 100 ሺህ ሰው የሚሞላቸው ስታዲየሞች አሉ። ባለቤቶቻቸው እንደ ማንቸስተር ዩናይትድ ወይም እንደ ባርሴሎና ያሉ ክለቦች አይደሉም፤ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ሜዳ ላይ የሚጋጩት ልጆችም በወረቀት ተማሪዎች ናቸው። በጨዋታው ዙሪያ የሚዘዋወረው ብር ግን በምንም መለኪያ የተማሪ ብር አይደለም።

ይህ ሀብት ለአሥርት ዓመታት ለሁሉም ሲዳረስ ኖሯል። አሰልጣኙ በልቶበታል፣ ስታዲየም ተገንብቶበታል፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥኑ አትርፎበታል። ተጫዋቹ ብቻ ከትምህርት ክፍያ፣ ከማደሪያና ከምግብ እምብዛም ያልዘለለ ነገር ነበር በይፋ የሚደርሰው። ዩኒቨርሲቲዎች ከስፖርት ገቢያቸው ለተጫዋቾች በቀጥታ እንዲያካፍሉ የተፈቀደላቸው ገና በ2025 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ ናቸው። ፉትቦል ስንልም በእጅ የሚያዘውን፣ ባለ ሞላላ ኳሱን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ማለታችን ነው።)

ታዲያ የዚህን ነገር ሥር የፈለገ ሰው አንድ ስም ጋ መድረሱ አይቀርም። ራሰ በራ፣ አጭር፣ አፍንጫው የተሰበረ፣ አፉ እንደ መትረየስ የሚተኩስ አንድ የኬሚስትሪ መምህር። ኑት ሮክኒ ይባላል። ከሞተ ዘጠና ዓመት አልፎታል። እሱ የጀመረው ክርክር ግን እስካሁን አልሞተም።

ከቮስ እስከ ቺካጎ ፖስታ ቤት

ሮክኒ የተወለደው መጋቢት 4 ቀን 1888 በኖርዌይ ቮስ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ጋሪ ሠሪ ነበር። በ1893 ቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን ስታዘጋጅ አባትየው ሥራውን ለማሳየት ባሕር ተሻገረ፤ ቤተሰቡም ተከትሎት እዚያው ቀረ። ኑት ያኔ የ5 ዓመት ልጅ ነው።

በቺካጎ ሰፈሮች ሜዳ ላይ አደገ። ፉትቦሉንም ቤዝቦሉንም ሩጫውንም ሞከረ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ ፖስታ ቤት ተቀጠረና ለአራት ዓመት ያህል ደብዳቤ ሲለይ ቆየ። ከደመወዙ እየቆጠበ አንድ ሺህ ዶላር ገደማ ሲያጠራቅም በ1910 ሻንጣውን ይዞ ሳውዝ ቤንድ፣ ኢንዲያና ወረደ። ዕድሜው 22 ደርሷል። አብረውት የተመዘገቡት ልጆች ከእሱ አራት አምስት ዓመት ያንሱታል።

የገባበት ኖትርዳም ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። የቅዱስ መስቀል ማኅበር የካቶሊክ ካህናት የሚያስተዳድሩት፣ ኪሱ የሳሳ፣ የስደተኛና የሠራተኛ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበር። ሀብታም ምሩቅ የለውም፣ ባንክ ውስጥ የተቀመጠ ትልቅ ገንዘብም የለውም። ሮክኒ ራሱ የመጣው ፕሮቴስታንት ሆኖ ነው። እዚያ የሚያስኬደውን ያገኘው ደግሞ ሥራ እየሠራ በመማሩ ነው። በ1914 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀና ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ረዳት መምህር ሆኖ ቀረ።

የ1 ሺህ ዶላሩ ጉዞ

በዚያ ዘመን የኖትርዳም ትልቁ ችግር ተጋጣሚ ማጣት ነበር። በአካባቢው ያሉት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ዌስተርን ኮንፈረንስ የሚባል ማኅበር አላቸው (ዛሬ ቢግ ቴን የሚባለው ነው)። ኖትርዳምን ግን አናስገባም፣ አንጫወትም አሉ። ምክንያታቸው የተጫዋቾች ሕጋዊነት ነው ቢባልም ካቶሊክን የመጥላት ነገር እንደነበረበት የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። የሚሺጋኑ አሰልጣኝ ፊልዲንግ ዮስት በተለይ ለዓመታት በሩን ዘግቶ ይዟል።

ተጋጣሚ ከሌለ ተመልካች የለም፣ ተመልካች ከሌለ ደግሞ ስፖርቱ ኪሳራ ነው። በ1913 አዲሱ አሰልጣኝ ጄሲ ሃርፐር የተቀጠረው ስፖርቱ ራሱን እንዲችል እንዲያደርግ ነበር። ሃርፐር የሚያውቀው መፍትሔ አንድ ብቻ ነው፤ ደብዳቤ መጻፍ። በየአገሩ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ጻፈ። ከመለሱለት መካከል የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ፣ በተለምዶ አርሚ የሚባለው አለበት። ለጉዞው 1 ሺህ ዶላር ሊከፍላቸው ተስማማ።

ኅዳር 1 ቀን 1913 ዓለም የማያውቃቸው የሳውዝ ቤንድ ልጆች ባቡር ተሳፍረው ኒውዮርክ ግዛት ደረሱ። ሮክኒና የክፍል ጓደኛው ገስ ዶሬ በዚያው ክረምት ኦሃዮ ውስጥ በሐይቅ ዳር መዝናኛ ሥራ ይዘው ነበር። ከሥራ ሲወጡ አሸዋው ላይ ኳስ እየወረወሩ ሲቀባበሉ ከረሙ። ኳስን ወደፊት መወርወር ከ1906 ጀምሮ ሕጋዊ ቢሆንም ደፍሮ የሚጠቀምበት ጥቂት ነበር። አርሚዎች ልማዳዊውን መገፋፋት ሲጠብቁ ኳሷ በአናታቸው ላይ በረረች። ጨዋታው 35 ለ13 አለቀ። የኒውዮርክ ጋዜጦች በማግስቱ ኖትርዳም የሚባል ትምህርት ቤት እንዳለ አወቁ።

ሮክኒ ከዚያ ቀን ሁለት ነገር ተምሯል ማለት ይቻላል። አንደኛው የኳስ ነው። ሁለተኛው ግን የገንዘብ ነው። ቤታችን አናስገባም ካሉህ ጎረቤቶች ጋር ከምትለማመጥ፣ ባቡር ይዘህ ትልቅ ከተማ ብትሄድ ሕዝቡም ብሩም እዚያ ነው።

አሰልጣኝ፣ ኃላፊ፣ ነጋዴ

በ1918 ሃርፐር ኳሱን ትቶ ካንሳስ ወዳለው የከብት እርባታው ሲሄድ ሮክኒ ሁለት ወንበር ባንዴ ወረሰ። ዋና አሰልጣኝም የስፖርት ክፍል ኃላፊም ሆነ። ሩጫውንም ያሠለጥናል። ከማን ጋር እንጫወት የሚለውን ይወስናል፣ ውል ይፈራረማል፣ የትኬቱን ነገር ይከታተላል፣ ለማሊያና ለጫማ ይደራደራል።

ሜዳ ላይ የሠራው በቁጥር ይነገራል። በ13 የውድድር ዘመን 105 አሸንፎ፣ 12 ተሸንፎ፣ 5 አቻ ወጣ። ያሸነፈው በመቶኛ 88 ያህል ነው። አምስት ጊዜ ያለ ሽንፈትና ያለ አቻ ዓመቱን ጨረሰ። በ1924፣ በ1929 እና በ1930 የአገሪቱ ሻምፒዮን ተባለ።

ከሜዳ ውጪ የሠራው ግን ከዚህ ይበልጣል። የዚያን ጊዜ የኮሌጅ ፉትቦል ገቢ ማለት የበር ገቢ ነው። እንግዳው ቡድን ወይ የተቆረጠ ገንዘብ ይወስዳል፣ ወይ ከትኬት ሽያጩ በመቶኛ ይካፈላል። ትንሽ ስም ያለው ቡድን የተቆረጠውን ይዞ ይሄዳል። ስም ያለው ደግሞ በመቶኛ ይደራደራል። ኖትርዳም የራሱ ሜዳ ካርቲዬ ፊልድ የሚይዘው ሰው ውሱን ስለነበር ሮክኒ ትልቁን ጨዋታ ሁሉ ወደ ትልቅ ከተማ ወሰደው።

የአርሚ ጨዋታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። መጀመሪያ ዌስት ፖይንት ውስጥ ነፃ በሚባል ሁኔታ ይታይ የነበረው ግጥሚያ በ1923 ወደ ብሩክሊን ኢቤትስ ፊልድ፣ በ1924 ወደ ፖሎ ግራውንድስ፣ ከ1925 ጀምሮ ደግሞ ወደ ያንኪ ስታዲየም ተዛወረ። ኒውዮርክ ውስጥ ኖትርዳምን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ፣ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ያልረገጡ አይሪሽ፣ ጣሊያንና ፖላንዳዊ ካቶሊኮች ቡድኑን የራሳቸው አደረጉት። በምድር ባቡር ተሳፍረው ወደ ስታዲየም ስለሚመጡ የምድር ባቡር ምሩቃን የሚል ስም ወጣላቸው። ለስደተኛው ሕዝብ ያ ቡድን ሲያሸንፍ እሱ ያሸነፈ ያህል ነበር። ሮክኒ ይህን ስሜት ወደ ትኬት መቀየር ያውቅበታል።

ቺካጎ ላይ ደግሞ ጉድ ተባለ። በ1927 ከሳውዘርን ካሊፎርኒያ ጋር በሶልጀር ፊልድ ሲጋጠሙ 120 ሺህ ያህል ሰው እንደገባ ይገመታል። በ1929 እነዚሁ ሁለቱ እዚያው ሲገናኙ በይፋ የተቆጠረው 112,912 ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው የተማሪዎች ጨዋታ ለማየት ነው።

በእኛ አገር ባንኩ፣ መብራት ኃይሉ፣ መከላከያው ክለቡን ሲቀልበው ነው የምናውቀው። ኖትርዳም ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ክለቡ ተቋሙን ይደጉማል። በ1920ዎቹ ካህናቱ አዳዲስ የተማሪ ማደሪያዎችና በ1927 የተከፈተውን ትልቅ የምግብ አዳራሽ ሲያሠሩ የኳሱ ትርፍ አንዱ መተማመኛቸው ነበር።

ዳኛውም ጋዜጠኛ፣ ጋዜጠኛውም ዳኛ

ሮክኒ ያለ ጋዜጣ ስታዲየም እንደማይሞላ ገና በጠዋቱ ገብቶታል። ስለዚህ ከተማሪዎች መካከል የጋዜጣ ዝንባሌ ያላቸውን እየመረጠ ዜና የሚያሰራጩ ረዳቶች አደረጋቸው። ከእነሱ አንዱ አርች ዋርድ በኋላ የቺካጎ ትሪቢዩን የስፖርት አዘጋጅ ሆኖ በአሜሪካ ስፖርት ትልቅ ሰው ለመሆን በቅቷል።

ሌላው ጆርጅ ስትሪክለር ነው። በጥቅምት 1924 ኖትርዳም አርሚን 13 ለ7 ሲያሸንፍ ግራንትላንድ ራይስ የተባለው ዝነኛ ጸሐፊ አራቱን የኋላ መስመር ተጫዋቾች ከዮሐንስ ራእይ አራት ፈረሰኞች ጋር አመሳስሎ ጻፈ። ስትሪክለር ጊዜ አላጠፋም። ሳውዝ ቤንድ እንደተመለሱ አራት ፈረስ ተከራየና ልጆቹን ማሊያቸውን እንደለበሱ አስቀምጦ ፎቶ አስነሳ። ፎቶው አገር ምድሩን አዳረሰ። ዛሬ የክለቦች የማርኬቲንግ ክፍል የሚሠራውን ሥራ ያኔ አንድ ተማሪ በኪራይ ፈረስ ሠራው።

የዘመኑ አሠራር ዛሬ ቢሆን የሚያስከስስ ጉዳይም ነበረበት። ዳኞችን በመምረጥና በማስከፈል በኩል ሮክኒ እጁ ረጅም ነው። ከዳኞቹ አንዱ ዋልተር ኤከርሶል የቺካጎ ትሪቢዩን የስፖርት ጸሐፊ ነበር። ጨዋታውን ያጫውታል፣ ይከፈለዋል፣ ከዚያ ወደ ጽሕፈት መኪናው ሄዶ ስለዚያው ጨዋታ ይዘግባል። ሮክኒ ይህን ብቻውን አልፈጠረውም፣ የዘመኑ ልማድ ነው። በልማዱ የተጠቀመበትን ያህል የተጠቀመ ግን አለ ለማለት ያስቸግራል።

የአሰልጣኙ ኪስ

መቼም ገንዘብ ባለበት ሁሉ ድርሻዬስ የሚል ይመጣል። ሮክኒ ከኖትርዳም በዓመት 10 ሺህ ዶላር ያገኝ ነበር፤ በዘመኑ ለመምህር የማይታሰብ ነው። ስታዲየም ለሚሞላ ሰው ግን ያንስ ይሆናል። ስለዚህ በጎን ሌላ ሥራ ከፈተ። በክረምት ለአሰልጣኞች ኮርስ ይሰጣል። የልጆች ካምፕ አለው። የቤዝቦሉ ኮከብ ቤብ ሩት ወኪል የነበረው ክሪስቲ ዋልሽ በሮክኒ ስም የሚወጡ ጽሑፎችን ለጋዜጦች ይሸጥለታል። ስሙ በስፖርት ዕቃ ላይ ይታተማል። ሳውዝ ቤንድ ውስጥ ላለው የስቱድቤከር መኪና ፋብሪካ ሻጮችን በንግግር እያነቃቃ ይከፈለዋል።

በታኅሣሥ 1925 ጉዱ ፈላ። የኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በዓመት 25 ሺህ ዶላር ሊከፍለው ሮክኒም ሊሄድ ፈርሟል የሚል ዜና ወጣ። በኖትርዳም ለዓመታት የሚያቆይ ውል እያለው ማለት ነው። ሳውዝ ቤንድ ተናወጠ። ሮክኒ አፈረ፤ ኮሎምቢያም ነገሩ በጋዜጣ በመውጣቱ ደስ ሳይለው ለቀቀው። ያ ከመሆኑ ጥቂት ሳምንታት በፊት ሮክኒ የካቶሊክ እምነትን ተቀብሎ ነበር። ካህናቱ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅትም። የዛሬው አንባቢ በየዓመቱ የሚያየው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሊወስደኝ ነው እያሉ ደመወዝ የማስጨመር ጨዋታ የዚያን ጊዜም ነበረ።

ከዚያ የባሰው በ1926 መጣ። ኖትርዳም ስምንት ጨዋታ አሸንፎ ሳይሸነፍ ሲጓዝ ቀጣዩ ተጋጣሚ ቀላል ነው የተባለው ካርኔጊ ቴክ ነበር። ሮክኒ ቡድኑን ለረዳቱ ትቶ ቺካጎ ሄደ። የአርሚና የኔቪ ጨዋታ ላይ ለጋዜጣ የሚጽፈው ነበረው። ሬዲዮና ቴሌግራፍ ወሬውን ሲያደርሱት ኖትርዳም 19 ለ0 ተሸንፏል። የሻምፒዮናውም ነገር እዚያው አከተመ። አሰልጣኝ ከሥራው ይልቅ በስሙ ንግድ ሲጠመድ ምን እንደሚሆን ማሳያ ተደርጎ እስከዛሬ ይነሳል።

ተጫዋቹስ?

አሰልጣኙ እንዲህ ከሆነ ተጫዋቹስ ምን አገኘ? ኖትርዳም ውስጥ አብዛኞቹ ተጫዋቾች የትምህርት ክፍያቸውን የሚሸፍኑት ግቢ ውስጥ ሥራ እየተሰጣቸው ነበር። አንዱ ምግብ ያቀርባል፣ ሌላው ይጠርጋል። የሥራው ክብደት እንደ ተጫዋቹ ችሎታ ይለያያል የሚል ሐሜት በሁሉም ዩኒቨርሲቲ ይሰማል።

ከእነሱ ሁሉ ዝነኛው ጆርጅ ጊፕ ነው። ተሰጥኦው የሚደንቅ፣ ትምህርት ክፍል የማይገባ፣ ውሎው ቢሊያርድና ካርታ ቤት የሆነ ልጅ። ኖትርዳም ያሸንፋል ብሎ በራሱ ጨዋታ ላይ ይወራረድ ነበር። በመጋቢት 1920 ዩኒቨርሲቲው አባረረው፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ተመለሰ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 14 ቀን በጉሮሮ ኢንፌክሽንና በሳንባ ምች በ25 ዓመቱ ሞተ። ከስምንት ዓመት በኋላ ሮክኒ አርሚን ለማሸነፍ የጊፕን ስም አንስቶ ልጆቹን አስለቀሰ፤ ኖትርዳምም 12 ለ6 አሸነፈ። ታሪኩ ፊልም ሆነ። የሞተው ልጅ ስም ለዩኒቨርሲቲው በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ብዙ አስገኘ።

ሕጉ ለተጫዋች ጥብቅ ነው። በታኅሣሥ 1921 ሀንክ አንደርሰንን ጨምሮ ሦስት የኖትርዳም ልጆች ለፕሮፌሽናሉ ግሪን ቤይ ፓከርስ በድብቅ ሲጫወቱ ተገኙና የመጫወት መብታቸውን አጡ። አስገራሚው ነገር ሮክኒ ራሱ ረዳት አሰልጣኝ እያለ በእሑድ እሑድ ለማሲሎን ታይገርስ በገንዘብ ይጫወት ነበር። አሰልጣኝ ሲሆን ሥራ ነው፣ ተማሪ ሲሆን ግን ጥፋት ነው።

በጥቅምት 1929 የካርኔጊ ፋውንዴሽን ስለ ኮሌጅ ስፖርት ያስጠናው ትልቅ ሪፖርት ወጣ። ከተጠኑት ትምህርት ቤቶች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ተጫዋቾችን በሆነ መንገድ እንደሚደጉሙ፣ ጨዋታው ንግድ እንደሆነና ትምህርቱን እየበላው እንደሆነ ገለጸ። ሪፖርቱ የወጣው ዎል ስትሪት በተንኮታኮተበት ሳምንት ነበርና አገሩ ሌላ ጭንቅ ያዘው። ወሬው ብዙም ሳይቆይ ተረሳ።

ማደሪያ ወይስ ስታዲየም?

ሮክኒ በሌሎች ሰዎች ስታዲየም እያጫወተ ሌሎችን ሲያበለፅግ ዓመታት አለፉ። ሚሺጋን በ1927 ከ80 ሺህ በላይ የሚይዝ ስታዲየም ሲከፍት የእሱ ካርቲዬ ፊልድ የእንጨት ወንበር ነው። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አባ ማቲው ዋልሽ ግን ሌላ ጭንቀት ነበረባቸው። የተማሪው ቁጥር ጨምሮ ብዙው ከግቢ ውጪ በኪራይ ቤት ይኖራል። ለእሳቸው ከስታዲየም በፊት ማደሪያ ይቀድማል። ኖትርዳም የኳስ ቡድን ያለው ዩኒቨርሲቲ እንጂ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኳስ ቡድን እንዲባል አልፈለጉም። ቡድኑ በጥር 1925 ሮዝ ቦውል ላይ ስታንፎርድን 27 ለ10 ካሸነፈ በኋላ እንዲህ ያለ የበዓል ጨዋታ ዳግም እንዳይጫወት ዩኒቨርሲቲው ከልክሎ ክልከላው 45 ዓመት ቆይቷል።

ሮክኒ ተበሳጨ። ገንዘቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ በሚል ሥራውን እስከ መልቀቅ የሚያደርስ ግብግብ ገጠመ። የካህናቱም መልስ ቀላል አይደለም። ኳሱ ያመጣው ገንዘብ የአሰልጣኙ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲው ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ትምህርት ቤት ነው። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ዛሬ በየትኛውም የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት በጀት ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ ከዚህ አይርቅም።

በመጨረሻ ስታዲየሙ ተፈቀደ። አባ ቻርልስ ኦዶኔል ፕሬዚዳንት በነበሩበት ጊዜ ግንባታው ተጀመረ። ገንዘቡ የተገኘው ብድር በመበደር አይደለም። ከኳሱ የተጠራቀመው ትርፍ ነበረ፤ በዚያ ላይ የተሻሉትን ወንበሮች ለ10 ዓመት በቅድሚያ ለሀብታም ደጋፊዎች በማከራየት ተሟላ። ዛሬ የአውሮፓ ክለቦች ቪአይፒ ሣጥን እያሉ የሚሸጡት ዓይነት ነው።

በ1929 አሮጌው ሜዳ ፈርሶ አዲሱ ስላልደረሰ ኖትርዳም ዓመቱን ሙሉ ከሜዳው ውጪ ተጫወተ። ሮክኒ በእግሩ የደም ሥር ሕመም ታሞ አንዳንዱን ጨዋታ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ መራ። ሐኪሞች ተኛ ብለውት ነበር። ቡድኑ ዘጠኙንም አሸነፈ። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመልካችም ገባ።

ከ750 ሺህ ዶላር በላይ የፈጀው፣ 54 ሺህ ሰው የሚይዘው ስታዲየም ጥቅምት 4 ቀን 1930 ተከፈተ። ሮክኒ ከዲዛይኑ እስከ መኪና ማቆሚያው እጁን አስገብቷል። ዙሪያውን የሩጫ መም እንዳይኖር ያደረገው ተመልካቹ ለሜዳው እንዲቀርብ ነው። ሣሩም ከድሮው ሜዳ ተነቅሎ መጣ። በዚያ ዓመት ኖትርዳም አሥር ተጫውቶ አሥሩንም አሸነፈ። ሮክኒ በገዛ ስታዲየሙ ያሳለፈው ዓመት ያ ብቻ ነው።

መጋቢት 31 ቀን 1931

በመጋቢት 1931 ስቱድቤከር የሽያጭ ማስፋፊያ ኃላፊ አድርጎ ሾመው። ሆሊውድ ደግሞ ስለ ኖትርዳም ፊልም ሊሠራ ጠራው። መጋቢት 31 ጠዋት ካንሳስ ሲቲ ላይ በእንጨት ክንፍ የተሠራ ፎከር አውሮፕላን ተሳፍሮ ወደ ሎስ አንጀለስ ተነሳ። ባዛር በምትባል የካንሳስ መንደር አጠገብ ክንፉ በአየር ላይ ተገነጠለ። የተሳፈሩት ስምንቱም ሰዎች አለቁ። ሮክኒ 43 ዓመቱ ነበር። ባለቤቱንና አራት ልጆቹን ትቶ ሄደ።

ሐዘኑ የአገር ሐዘን ሆነ። ፕሬዚዳንት ሁቨር የሐዘን መግለጫ ላኩ። የኖርዌዩ ንጉሥም ወኪል ላኩ። ቀብሩ በሬዲዮ በመላው አገር ተላለፈ። ምርመራው እርጥበት የእንጨት ክንፉን እንዳላላው ሲያመለክት የአየር መንገዶች ፊታቸውን ወደ ብረት አውሮፕላን አዞሩ። የአውሮፕላኑ ባለቤት ቲደብሊውኤ ከዳግላስ ኩባንያ አዲስ አውሮፕላን ያዘዘው ከዚህ በኋላ ሲሆን በዚያ ትዕዛዝ የተጀመረው የአውሮፕላን ዘር በኋላ ዲሲ 3ን አስገኘ። በ1946 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቲደብሊውኤ እገዛ ሥራ ሲጀምር የበረረው በዚያው አውሮፕላን ወታደራዊ ዓይነት፣ በሲ 47 ነበር።

ስቱድቤከርም ከሞቱ በኋላ ሮክኒ የሚባል መኪና አወጣ። በ1932 ተጀምሮ በ1933 አበቃ፤ ኢኮኖሚው ገደለው። ኖትርዳምም ትምህርት ወስዷል። ሁለቱን ወንበር ለአንድ ሰው አልሰጠም። አንደርሰን አሰልጣኝ ሲሆን አሮጌው ጄሲ ሃርፐር የስፖርት ክፍል ኃላፊ ሆኖ ከካንሳስ ተጠራ። ድሉ ግን ቀነሰ። በ1934 ከአራቱ ፈረሰኞች አንዱ የነበረው ኤልመር ሌይደን ሁለቱንም ሥራ ደርቦ ያዘ። ገንዘቡ ያለ ድል እንደማይመጣ ካህናቱም ያውቁ ነበር።

ያስቀረው ሒሳብ

ሮክኒ የቀየሰው መንገድ አልተዘጋም። ኖትርዳም በፉትቦል ዛሬም ከኮንፈረንስ ውጪ ለብቻው ይኖራል። ድሮ በሩን የዘጉበት ሁሉ ዛሬ ቢመጣልን የሚሉት እሱን ነው። በ1991 ከኤንቢሲ ቴሌቪዥን ጋር የጀመረው ውል አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን የሜዳውን ጨዋታዎች ለአንድ ትልቅ ጣቢያ የሸጠበት የመጀመሪያው ነው። በ1997 ስታዲየሙ ከ80 ሺህ በላይ እንዲይዝ ሰፋ።

የአሰልጣኙ ኪስም አድጓል። በ2021 ብራያን ኬሊ ኖትርዳምን ለቆ ወደ ሉዊዚያና ሲሄድ የፈረመው የ10 ዓመት ውል 95 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ሮክኒ ኮሎምቢያ 25 ሺህ ሊሰጠኝ ነው ተብሎ አገር ሲታመስ ያፈረበት ዘመን የሚያስቅ ይመስላል።

የተጫዋቹ ሒሳብ ግን ለመወራረድ ረጅም ጊዜ ፈጀ። በ2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ከትምህርት ጋር የተያያዘ ጥቅም መገደብ ሕገወጥ ነው አሉ። በዚያው ዓመት ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው እንዲነግዱ ተፈቀደ። በሰኔ 2025 ደግሞ ለቀድሞ ተጫዋቾች 2.8 ቢሊዮን ዶላር ካሣ የሚያስከፍልና ከ2025/26 ጀምሮ አንድ ዩኒቨርሲቲ በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቹ እንዲያካፍል የሚፈቅድ ስምምነት በፍርድ ቤት ፀደቀ።

አሁን ጭቅጭቁ ሌላ መልክ ይዟል። ይህ ገንዘብ ከየት ይውጣ? ከአሰልጣኙ ደመወዝ? ከስታዲየሙ ማስፋፊያ? ወይስ ትርፍ ከማያመጡት ከዋናውና ከትግሉ ቡድኖች? ሮክኒና አባ ዋልሽ ማደሪያ ወይስ ስታዲየም ብለው በተናቆሩበት ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስተኛ ወንበር ተጨምሯል። እዚያ ላይ የተቀመጠው ጆርጅ ጊፕና ሀንክ አንደርሰን ያላገኙትን የሚጠይቀው ተጫዋች ነው።